ሦስት ሲሊንደር ለአንዲት አራስ

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሐበሻ ዕቃ ገዝቶ አያውቅም! አትቆጡ፣ እስቲ ራሳችሁን መርምሩ... ያን የለበሳችሁትን ጃኬት ስለሚሞቅ ነው የገዛችሁት? አይደለም። ሻጩ የአገራችሁ ልጅ ስለሆነ፣ ሱቁን አልፋችሁ ብትሄዱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ዓይኑን ማየት ስለሚያሳፍራችሁ ነው። እኛ የምንገዛው ሻጩን ነው። ይህን ያስተማረኝ ጋዝ ነው።

ጊዜው ኮሮና ገብቶ፣ አፋችንን ሸፍነን በክርናችን ሰላም የምንባባልበት ነው። ባለቤቴ አስቴር የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ፣ እዚህ ስደት አገር፣ ቤሪያ በሚባለው ሰፈር ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን ተኝታለች። እናቷ አገር ቤት ናቸው፣ በረራ የለም፤ አራሷን የማርሳት እኔው ነኝ። መብራቱ ደግሞ አጥሚት በጣድኩ ቁጥር ድርግም! ሎድሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ የቤታችንን ሰዓት በቃሉ የያዘ ነው የሚመስለው። ለብ ያለውን ሳቀርብላት ሁለቴ ፉት ትልና ታስቀምጠዋለች። በሦስተኛው ቀን አለቀሰች።

«ቡታጋዝ አስገባ» አለችኝ። «ዛሬውኑ!»

ቤታችን ጋዝ ገብቶ አያውቅም። ምድጃውንና ቱቦውን ወዲያው ገዛሁ፤ የቀረው ጋዝ አቅራቢ መምረጥ ነው። በእኛ ሰፈር አሠራር የአንዱን ሲሊንደር ከያዛችሁ፣ ሲያልቅ የሚቀይርላችሁ ያው እሱ ብቻ ነው፤ ቀለሙ የተለየውን ሌላው አይነካም። ጋብቻ በሉት።

ካትሌሆንግ የሚባለው ሰፈር ባለችው ሱቄ ዙሪያ ጋዝ የሚሸጡ ሦስት ሐበሾች አሉ። ቢጫውን የሚሸጠው ወንድም ላምቦሬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ እኔንና አስቴርን ያጋባን። አረንጓዴውን ደሳለኝ ይሸጣል፤ የመኖሪያ ወረቀቴን ሳድስ በብርድ አብሮኝ ተሰልፎ የዋለ ጓደኛዬ። ግራጫውን የሚሸጡት ደግሞ ጋሽ ማቴዎስ ናቸው፤ የአስቴር አጎት። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ማንን ታስቀይማላችሁ?

እኔ ማንንም አላስቀየምኩም። ከሦስቱም ወሰድኩ!

አንዱን ማጀት፣ አንዱን ከበር ኋላ፣ አንዱን ከሕፃኑ የልብስ ቅርጫት ጎን ደበቅኩ። ግን ምድጃው አንድ፣ ቱቦው አንድ... ቢጫውን ልገጥም ስል የደሳለኝ ብርድ ትዝ ይለኛል። አረንጓዴውን ሳነሳ የጋሽ ማቴዎስ ፊት ይመጣብኛል። ግራጫውን ሳስጠጋ ላምቦሬ በሠርጌ ቀን የሰበከው ስብከት ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። እንዲህ ስል ሳምንት አለፈ፤ አስቴርም ለብ ያለውን መጠጣቷን ቀጠለች። ስትጠይቀኝ «የሚገጥም ባለሙያ እየጠበቅኩ ነው» እላለሁ። ዋሸኋት፣ አፈር ልብላ!

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስቱም! ማስካቸውን አጥልቀው፣ አራስ ሊጠይቁ አብረው መጥተዋል።

«አስቴር፣ እንኳን ጌታ ማረሽ!» አሉ ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ራቅ ብለው ቆመው።

አጥሚቱን ኤሌክትሪኩ ላይ ጥጄ እጄን እንኳ ሳላነሳ... ድርግም!

«ምን ችግር አለ፣ ጋዝ አላችሁ አይደል?» አለ ወንድም ላምቦሬ።

«አላቸው እንጂ!» አለ ደሳለኝ ደረቱን ነፍቶ።

«እኔው አይደለሁ የሰጠኋቸው?» አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

ሦስት ማስክ ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስድስቱን ፎቅ በደረጃ ወርጄ እገባላት ነበር። ምን አማራጭ አለኝ? ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ እየጎተትኩ መሀል ቤት አቆምኳቸው። አሁን የስድብ መዓት ይወርድብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«የጋሽ ማቴዎስ ይገጠም፣ አጎት ናቸው» አለ ላምቦሬ።

«ኧረ በጭራሽ! የሽማግሌው እያለ?» አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

«የኔስ ትቆይ፣ እኔ ልጅ ነኝ» አለ ደሳለኝ።

«በሞቴ የሳቸውን!»

«እኔ ልሙት የሱን!»

አንዱ የሌላውን ሲሊንደር ወደ ምድጃው ሲገፋ፣ ባለቤቱ መልሶ ሲጎትት፣ ሲገባበዙ ሁለት ሰዓት ሙሉ አለፈ። በመጨረሻ መብራቱ መጣ። «ሃሌሉያ!» አሉ ሦስቱም ተገላግለው። ጸለዩ፣ በክርናቸው ተሰናበቱኝና ሄዱ። ሲሊንደሮቹ እንደተገተሩ ቀሩ።

አስቴር ከመኝታ ቤት ሆና ሁሉን ሰምታለች። ሕፃኑን ታቅፋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያን ጀርባ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ...

ሰኞ ከሱቅ ስመለስ እንደተለመደው መብራት የለም። ከማጀት ግን ሰማያዊ እሳት ይታየኛል! አስቴር እንፋሎቱ የሚትጎለጎል አጥሚት ታቅፋ ትጠጣለች፤ ግንባሯ አልቦታል። ደስ ብሏት ሳያት ዕንባዬ መጣ፤ አፈርኩም። ለካ እኔ እንደወጣሁ፣ ፊት ለፊታችን ያሉትን ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላቸውን ዙሉ አሮጊት ጠርታ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ሳያሹ ገጥመውላታል። ሦስቱም ሲሊንደሮች ከመጋረጃ ኋላ ተሰልፈዋል፤ ቱቦው በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ገብቷል።

«የማንን ነው የገጠማችሁት?» አልኳት።

«አልነግርህም። ካወቅክማ ነገውኑ ትነቅለዋለህ።»

መጋረጃውን ልገልጥ እጄን ስዘረጋ ጭልፋዋን አነሳች። እጄን ሰበሰብኩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሦስቱም በየተራ ይደውሉልኛል። «ጋዜ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

«ጋዙማ እየነደደ ነው፤ አስቴርም ትኩሱን እየጠጣች ነው!» እላለሁ።

ውሸታም እንዳትሉኝ... የማንኛው እንደሚነድ የማያውቅ ሰው በምን አቅሙ ይዋሻል?