ለቋሚ ቅጥር የተላከ ሽምግልና

በሆላንድ አገር ሰው በሁለት ይከፈላል፤ ቋሚና ጊዜያዊ። ቋሚ ሠራተኛ ሲታመም ይተኛል። ጊዜያዊ ሠራተኛ ሲታመም መጀመሪያ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ያያል፣ ከዚያ ሥራ ይገባል። ቋሚው አለቃውን ይከራከራል፤ ጊዜያዊው በአለቃው ቀልድ ይስቃል፣ ቀልዱ ባይገባውም። እኔ በስድሳ አራት ዓመቴ ስንት ባልገባኝ ቀልድ እንደሳቅኩ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

የምሠራው ዛንዳም በምትባል ከተማ፣ ብስኩት የሚታሸግበት ፋብሪካ ነው። ቀጣሪዬ ግን ፋብሪካው አይደለም፤ ሠራተኛ የሚያከራይ ቢሮ ነው። አዎ፣ እዚህ ሰውም እንደ መኪና ይከራያል። ጠዋት ኦስዶርፕ በሚባለው ሰፈር ቤቴ ስነሣ ስልኬን አያለሁ፤ «ዛሬ አትምጣ» የሚል መልእክት ከሌለ ካልሲዬን አደርጋለሁ። ካልሲ ካደረግኩ በኋላ የመጣበት ቀን ስላለ ግን የጫማዬን ማሰሪያ የማጠብቀው አውቶቡስ ፌርማታ ስደርስ ነው። ጥንቃቄ አይከፋም።

ባለፈው ኅዳር ቋሚዎቹ ሠራተኞች በማኅበራቸው በኩል፣ ፋብሪካው በኪራይ ሰው ተሞላ፣ ቋሚ ካልተቀጠረ ሥራ እናቆማለን ብለው ተነሡ። ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ ከእኛ መስመር አንድ ጊዜያዊ ሠራተኛ ቋሚ እንዲሆን ተስማሙ። አንድ! እኛ አሥራ አንድ ነን። ያን ሰሞን ወለሉ እንዴት ይጸዳ እንደነበር ብታዩ፤ መጥረጊያ በወረፋ ሆኖ ነበር።

ከሁላችን ይልቅ የጨነቃት ሳባ ናት። ሠላሳ ዓመት ይሆናታል፣ እዚሁ ነው ያደገችው፤ አዲስ አበባ ሄዳ አግብታ ተመልሳለች። ባሏን ላምጣ ስትል መንግሥት አስተማማኝ ገቢ አሳዪ ይላታል። ውሏ እያለቀ እየታደሰ፣ እያለቀ እየታደሰ፣ ማመልከቻዋ ሁለት ጊዜ ወድቆባታል። ሳባ ሁልጊዜ «አንተ» ነው የምትለኝ። እዚህ ያደጉ ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ቅር አይለኝም። አንድ ቀን ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ «እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ስትለኝ ግን ሹካዬን አስቀመጥኩ። ነገሩ የከፋ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ይህን ሐጂ ሰይድ ሰሙ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ጋር ካርቶን ይደረድራሉ፣ በትርፍ ሰዓታቸው የተጣላ ያስታርቃሉ። «ሰው ለሚስት ሽማግሌ ይልካል፤ ለባልስ ቢላክ ምን አለበት?» አሉ። ወደ አለቃችን ሽማግሌ ሆነን እንሂድ ማለታቸው ነው። እኔ ፈራሁ። «ሐጂ፣ እነዚህ ሰዎች የሚነጋገሩት በኢሜይል ነው» ብላቸው፣ «ኢሜይል ፂም የለው፣ ማን ያፍረዋል?» አሉኝ። እሺ ብዬ ተነሣሁ።

ሽማግሌ ደግሞ ቢያንስ ሦስት መሆን አለበት። በፈረቃችን ሦስተኛ ሽበታም ሐበሻ ስለጠፋ ማሬክን ወሰድነው። ማሬክ ፖላንዳዊ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚግባባው በጣት ነው፣ ሽበቱ ግን ጳጳስ ያስመስለዋል። ከሦስታችን የአገሩን ቋንቋ፣ ደች፣ የምሰማው እኔ ብቻ ስለሆንኩ አፈ ጉባኤነቱ ለእኔ ተሰጠ። ስለ ራሴ አንድ ቃል እንዳልተነፍስ ወሰንኩ። አንደኛ፣ ለሰው ሽማግሌ ሆኖ የሄደ የራሱን ጉዳይ አያነሣም፤ ነውር ነው። ሁለተኛ፣ ስሜን ካነሣሁ ዕድሜዬን ያነሡብኛል።

አለቃችን ኬስ ይባላል። በስሜ ጥሩኝ ይላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አንደበቴ አልታዘዘልኝም። ቢሮው ገብተን ተሰለፍን። ወንበር አሳየን። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አልኩት። ከዚያ ስለ ሳባ ጨዋነት፣ ስለ እጇ ፍጥነት፣ በናፍቆት ስለሚጠብቃት ባሏ አብራራሁ። ኬስ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ አይሆንም፣ የሚወስነው የቅጥር ክፍሉ ነው አለ። እኛም እጅ ነሥተን፣ አመስግነን ወጣን። ደስ ብሎን ነው የወጣነው! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ማን ነው? ሴት ልጁን ሲጠየቅ ወዲያው እሺ ያለ አባት ልጁን ከቤት ሊያስወጣ የቸኮለ ይመስላል። ሐጂ «ፊቱ ፈታ ብሏል፤ በሚቀጥለው ይለዝባል» አሉ። እኔ ያየሁት ፊት ግራ የተጋባ ነበር።

ሐሙስ ተመልሰን ሄድን። እንደገና ቆምን። ኬስ አድማ መስሎት ደነገጠና ማኅበሩ ነው ወይ የላካችሁ አለ። የለም፣ ሽማግሌዎች ነን አልኩት። ጻፈው። የጻፈውን በግልባጩ ለማንበብ አንገቴን አሰገግኩ። ቀና ብሎ፣ «ለራስህስ የምትፈልገው የለም?» አለኝ። ሐጂ ደች ባይሰሙም ጎኔ ቆመዋል! ለራሴ ምንም አልፈልግም፣ የመጣሁት ለእሷ ነው አልኩ። ይህንንም ጻፈው።

በሦስተኛው ጊዜ ያስጠራን እሱ ራሱ ነው። ገና በሩን ሳንዘጋ፣ ቦታው ለሳባ ተሰጥቷል፣ ሰኞ ትፈርማለች አለ። ለሐጂ ተረጎምኩላቸውና ተቀመጥን። ማሬክ እንኳ ገባውና ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ኬስ ወደ እኔ ዞረ። ሆላንዶች መራራ እውነት እንደ ምሥራች የሚናገሩበት ድምፅ አላቸው፤ በዚያ ድምፅ ነገረኝ። ከማኅበሩ ጋር የተስማሙት፣ ብዙ ያገለገለ ይቅደም ተባብለው ነው። ብዙ ያገለገልኩት እኔ ነኝ። የቅጥር ደብዳቤው የተጻፈውም በእኔ ስም ነበር። ሊሰጠኝ ሲል መጥቼ ለእሷ አልኩ፤ ጠየቀኝ፣ አሁንም ለእሷ አልኩ። ስለዚህ በገዛ ፈቃዴ መተዌ ፋይሌ ላይ ሰፍሯል፤ የቅጥር ክፍሉም በቸርነቴ ልቡ ተነክቷል። በሕጉ ይህን ያህል ያገለገለ ወይ ቋሚ ይሆናል ወይ ይሰናበታል፤ የእኔ ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ አይታደስም።

ሐጂ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ በክርናቸው ይጎስሙኛል።

የኬስ እስክሪብቶ አሁንም እጁ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ከተናገርኩ ይጽፋል። በመስታወቱ በኩል ሳባ ትታየኛለች። ማሸጊያው አጠገብ ቆማ፣ ብስኩቱ በፊቷ እያለፈ፣ ጥፍሯን እየነከሰች ወደ እኛ ታያለች።

«ሽማግሌ ማክበር ደስ ይለኛል አለ» ብዬ ተረጎምኩ።

ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ልጅቷን እንዳጸናልን፣ ይህን ለሰው የቆመ ሽማግሌም አላህ ከሥራ ገበታው አያንሣው!» ብለው መረቁኝ።

ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።