ኦቦ ጉቱና አንቀጽ ሰባት

ደመወዝ የሌለው ሹም ከደመወዝተኛው ይብሳል። ደመወዝተኛው ሰዓቱ ሲደርስ ቢሮውን ቆልፎ ይሄዳል፤ በአበል የሚሠራው ግን የሚቆልፈው በር ስለሌለው እስከ እርሻህ፣ እስከ ለቅሶህ ይከተልሃል። በአርሲ ደጋ እንዲህ ያለ ሊቀመንበር የሌለው ቀበሌ ካለ፣ ገና አልተመሠረተም ማለት ነው።

ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ለየሺሃረግ የደረሷት ሊቀመንበር ክቡር ኦቦ ጉቱ ነበሩ። እሷ ደመወዝተኛ ናት። እሳቸውና የጎጥ ተጠሪዎቻቸው ግን የሚያገኙት ለስልክ ካርድና ለባጃጅ እንኳ የማትበቃ አበል ነው። ለዚያች አበል ስድስት ገጽ መመሪያ ከወረዳ መጥቶላታል። ኦቦ ጉቱ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጡትን ትምህርት የጨረሱት በዚሁ መመሪያ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም፤ በቃላቸው ይዘውታል። በተለይ አንቀጽ ሰባትን፦ "ሦስት ተከታታይ ስብሰባ የቀረ፣ የሦስት ወር አበሉን ያጣል።"

የቀረውን ሰው ስም በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛሉ። አንዱ ተጠሪ፣ "ላሜ ገደል ገብታብኝ ነው" ቢላቸው፣ "ላሟ ፈርማለች?" አሉት።

ሌላው ተጠሪ አብዶ ወንድሙን ሲያስታምም ከርሞ፣ ቀብሮ የመጣ ዕለት ግን ማንም አልሳቀም።

"ኦቦ ጉቱ፣ ሬሳ ጥዬ ልምጣ እንዴ?"

"አላህ ይማረው። አንቀጽ ሰባት ላይ ግን ለቅሶ የሚል የለም" አሉና ማስመሪያቸውን አነሱ።

አብዶ ወጣ። የሺሃረግ ያን ሳምንት ሊቀመንበሩን በጽሑፍ ካልሆነ አላነጋገረቻቸውም።

በሰኔ የኦቦ ጉቱ ባለቤት አሚራ ታመመች። አሰላ ሆስፒታል ወስደዋት ከአልጋዋ ሥር ሳይለዩ አስታመሟት፤ አልተረፈችም። ቀብረዋት፣ ለቅሶ ተቀምጠው፣ በአራተኛው ቀን ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማቸውን እየጎተቱ ቢሮ ገቡ። መዝገቡን ገለጡ። ሦስት ስብሰባ አልፏቸዋል። ማስመሪያውን ሲያነሱ የሺሃረግ እጃቸውን ያዘች።

"ኦቦ ጉቱ፣ ይተዉት። ለሥራ ወጥተው ነበር ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ልጻፍልዎት።"

"ታዲያ አብዶን በየትኛው ዓይኔ ልየው?"

የገዛ ስማቸውን ሰረዙ። መስመሩ ተጣመመ። ማስመሪያውን መልሰው አስቀምጠው፣ "ልጄ፣ አብዶ ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አሏት።

አብዶ ድንች ይቆፍር ነበር። ሊቀመንበሩ ማሳው ዳር ቆሙ።

"አብዶ፣ በድዬሃለሁ። ሳይደርስብኝ አላወቅሁትም።"

አብዶ መቆፈሪያውን ተደገፈ። "አሚራ ደግ ሴት ነበረች" አለና ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። ይቅር አላለም፤ ኦቦ ጉቱም አላስጨነቁትም።

በማግስቱ ደብዳቤ አስጻፏት፦ ለቅሶና ማስታመም እንደ መቅረት እንዳይቆጠር መመሪያው ይሻሻልልን። ተጠሪዎቹ ፈረሙ። አብዶ አልፈረመም።

የሺሃረግ ደብዳቤውን ይዛ አሰላ ወዳለው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረደች። በዚያው ቦርሳ የራሷም የዝውውር ማመልከቻ ነበረ፤ ከእኚህ ሰው የሚገላግላት ወረቀት፣ ዓመት ሙሉ ስትጽፈው ስትቀደው የከረመችው።

የተመራችበት ክፍል ሹም ደብዳቤውን ገረፍ አድርጎ አየና መለሰላት። "መመሪያ በቀበሌ ደብዳቤ አይሻሻልም፣ እህቴ።"

የሺሃረግ አልተነሳችም። ሹሙ ቀና አለ።

"ሊቀመንበሩ ዘመድሽ ናቸው እንዴ?"

"አዎ" አለችው። የዝውውር ማመልከቻዋን ከቦርሳዋ ሳታወጣ፣ ደብዳቤውን እንደገና ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወንበሯን ወደፊት ሳበች።