ጀርባዋን የሚያሳክካት ኮምፒዩተር

ትናንት ከምሳ በኋላ ቢሮዬ ወንበር ላይ እንዳለሁ ሸለብ ሲያደርገኝ ሕልም አየሁ። ሕልም ስላችሁ እንደ እናንተ ሕልም እንዳይመስላችሁ፤ ሰባት አገር ቢካፈለው የሚተርፍ ሕልም ነው። እኔ አስናቀ ከሰው ጋር በአማርኛ የሚያወራ ማሽን እሠራለሁ። በዚህ ሥራ ከእኔ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል፤ ሰማዩም ቢሆን ትንሽ ነው የሚበልጠኝ።

በሕልሜ ኮምፒዩተሮቹ እግራቸውን አነባብረው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ሰዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረናል። ከጆሮዬ የወጣ ገመድ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ግንባሬ ላይ «አዲሱ አስናቀ፤ የደንበኛን ፍላጎት ወዲያው ይረዳል» የሚል ተለጥፏል። እንዲያውም አሳንሰውኛል አልኩ በልቤ።

በውጭ በኩል ጆንያ ያነገተ ኮምፒዩተር «ቁራሌው! ያረጀ ሰው፣ የተበላሸ ሰው ያለው!» እያለ ይዞራል። አለቃችን፣ ስክሪኑ በር የሚያክል ኮምፒዩተር፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ደንበኛዋ የምትፈልገውን ሳታውቅ ከሸኘሃት ለቁራሌው ነህ።»

ደንበኛዋ ገባች፤ ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት ኮምፒዩተር። ከገባች ጀምሮ ትቁነጠነጣለች።

«ምን ልርዳዎት፣ እማማ?»

«ኧረ ምንም! ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

በተሠራሁበት ደንብ መሠረት «ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» አልኩና አፌ ግጥም አለ። እሷ ወደ በሩ፣ ቁራሌው ወደ እኔ። እግሬ ጆንያ ውስጥ ሲገባ አፌን በጣቶቼ ፈልቅቄ ጮኽኩ።

«እማማ፣ በሞቴ!»

«አይ ልጄ፣ አላስቸግርህም።»

«አፈር ስሆን!»

«ኧረ ተው፣ ሰው ምን ይላል?»

«ካልነገሩኝ ይቺን ገመድ ነቅዬ እዚሁ ድርቅ ነው የምለው!»

ግራ ቀኝ አየችና ጠጋ አለችኝ። «ጀርባዬን... ያሳክከኛል። አቧራ ሳይሆን አይቀርም። ይሄ እንግዲህ በሰው ፊት ይወራል?»

አከክኳት። እንዴት ያለ ማከክ መሰላችሁ! ከጀርባዋ የተነሳው አቧራ ከተማውን ሸፍኖ አውሮፕላን ማረፊያ አጣ።

«እሰይ! ወደ ግራ... ዝቅ... እደግ የኔ ልጅ!»

ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተሰለፉ። አለቃችንም ተሰለፈ። ቁራሌውም ጆንያውን ጥሎ ከኋላው ቆመ። ለካ ሁሉንም ሲያሳክካቸው ኖሯል፤ በሞቴ የሚላቸው አጥተው ነው እንጂ። ደስ ብሎኝ በሁለት እጄ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ ስሞዥቅ፣

«ጋሽ አስናቀ! ጋሽ አስናቀ!»

ነቃሁ። የእውነቷ አለቃዬ ወይንሸት ናት፤ ደስታ አላስቆም ብሏታል።

«ጤና ጣቢያው ደወለ! ጠዋት በራቸው ላይ የተከልነው ማሽንህ በሽተኛውን ሁሉ ‹ምን ልርዳዎት?› ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ‹ይመስገን፣ ደህና ነኝ› አሉት። አመስግኖ ወደየቤታቸው ሸኛቸው። ግቢው ውስጥ አንድ በሽተኛ የለም! ሐኪሞቹ ካርታ እየተጫወቱ ነው። ሊሸልሙህ ይፈልጋሉ፤ ስልክ ላይ ናቸው፣ ምን እንዲሰጡህ ትፈልጋለህ?»

«ኧረ ምንም!» አልኩ ለወጉ ያህል። «ምን ሠራሁና?»

«እሺ» አለችና ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «ምንም አይፈልግም።»