ለሚያዝያ ሃያ ሦስቱ ቃለ ጉባኤ የቀረበ እርማት

በየሰፈሩ ሥራው ሁልጊዜ «ትንሽ ብቻ የቀረው» አንድ ሰው አለ። አጥሩ ቢያልቅ በሩ ይቀረዋል፤ በሩ ቢገጠም ማጠፊያው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ያልተመሠረተ ሰፈር ነው።

የእኛው፣ የባሕር ዳሩ የግሽ አባይ ሰፈር፣ አቶ አንዳርጋቸው ነበሩ። እንጀራቸው የጽሕፈት መኪና መጠገን ነው፤ ነፍሳቸው ግን በገዛ እጃቸው በሚሠሩት ሬዲዮ ውስጥ ነበረች። እኔ በልቤ «ክቡር መሐንዲስ» እላቸው ነበር።

ሬዲዮው ከስድስት የሞቱ ሬዲዮዎች የተወለደ፣ በሻይ ቅጠል ሣጥን ውስጥ የሚኖር ፍጡር ነው። ልቡ በሸምበቆ ቁራጭ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው በቦታው ከረጋ ጣቢያውም ይረጋል፤ ትንሽ ከላላ ጣቢያው ሌላ አገር ይሄዳል። ስለዚህ የክቡር መሐንዲሱ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ ሽቦው በምን ይታሰር? «ሁሉም አልቋል፤ ማሰሪያው ብቻ ነው የቀረው» ይላሉ። ይህን አራት ዓመት ሰምቻለሁ።

በድርና ማግ ክር አሰሩት፤ ክረምቱ ገባና ላላ። በቁልቋል ወተት አጣበቁት፤ ሽቦው ደህና ሆኖ የእሳቸው ዓይን ለሦስት ቀን አበጠ። ከሐይቁ አሣ አጥማጆች የመረብ ክር ለምነው አመጡ፤ እሱ ደግሞ ሽቦውን በጠሰው። በመጨረሻ መድኃኒቱ ተገኘ፤ ሰም።

ሰሙ የመጣው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጧፍ ነው። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ለማርያም የተሳሉትን ጧፍ ቆጥረው ነው የሚያስቀምጡት። ጧፎቹ ከግርጌያቸው እያጠሩ ሲሄዱ አይጥ ነው ብለው ድመት አመጡ። ድመቷም ጥፋተኛው ጭን ላይ ተኝታ ከረመች።

አቶ አንዳርጋቸው ሌላም ጠባይ ነበራቸው፤ የሰው ዕቃ ደህና ሆኖ ማየት አይችሉም። የቀበሌውን ሬዲዮ «እስቲ ላጥብቀው» ብለው ከፈቱት ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በላብ አደሮች ቀን፣ ከአዲስ አበባ ንግግር ሊተላለፍ ሆነ። ሊቀ መንበራችን ጓድ አለበል የመሐንዲሱ ሬዲዮ በምትኩ ወደ አዳራሹ እንዲመጣ አዘዙ።

እኔ፣ ቢያዝን የምባለው፣ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ቃለ ጉባኤ ማን እንዳላጨበጨበም ይጠይቃል። ያላጨበጨበ ሰው መጀመሪያ ስሙ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከስሙ በኋላ ራሱ ይሄዳል።

የባሕር ዳርን የሚያዝያ ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል። የአዳራሹ ቆርቆሮ ጋለ። ንግግሩ ገና ከመግቢያው ሳይወጣ ሰሙ ቀልጦ አለቀ። ድምፁ መንሸራተት ሲጀምር አቶ አንዳርጋቸው ተነሥተው እጃቸውን በሣጥኑ ጎን አስገቡና ሽቦውን በጣቶቻቸው ጨብጠው ያዙት። ድምፁ ተመለሰ። እሳቸውም እንደዚያው ቀጥ ብለው ቆሙ።

የመጀመሪያው ጭብጨባ መጣ። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ፤ እሳቸው አላጨበጨቡም። ሁለተኛው መጣ፤ አላጨበጨቡም። በሦስተኛው ጓድ አለበል ጣታቸውን ወደ ደብተሬ ቀሰሩ። እርሳሴን አነሣሁ። ፈርቼ ነበር፤ ለእሳቸውም ለራሴም።

«ጓድ አንዳርጋቸው፣ ለምንድን ነው የማያጨበጭቡት?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ሽቦ ይዣለሁ።»

«ይልቀቁት።»

«ከለቀቅሁት ይሄዳል።»

«ይልቀቁት ብያለሁ።»

ለቀቁት። ንግግሩ እያፏጨ ሄደና በምትኩ ጥርት ባለ አማርኛ መንግሥትን የሚያወግዝ የውጭ ጣቢያ ገባ። ያንን ጣቢያ ቤቱን ዘግቶ ያዳመጠ ሰው እንኳ ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን፤ እኛ በቀበሌ አዳራሽ፣ በሊቀ መንበር ትእዛዝ፣ ሁለት መቶ ሆነን ሰማነው።

«ይያዙት» አሉ ጓድ አለበል በሰለለ ድምፅ። «ስለ ማርያም፣ ይያዙት።»

ያዙት። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሙ። ላባቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ አልጠረጉትም። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጨበጨበ አላስታውስም፤ ወደ እሳቸው የዞረ ዓይን ግን አልነበረም።

ሲያበቃ ጓድ አለበል ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ሁሉም አጨበጨበ ብዬ እንደጻፍኩ ነገርኳቸው። ሌላ የተሰማ ነገር አለ ወይ አሉኝ፤ የለም አልኩ። ፈረሙ። ነገሩ እዚያው ሞተ።

በማግሥቱ አቶ አንዳርጋቸው ቢሮዬ ከች አሉ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

«ሁሉም አጨበጨበ ብለህ ጻፍህ አሉኝ» አሉ። «እኔ መቼ አጨበጨብሁ? ሽቦውን ይዤ አልነበረም ወይ?»

በሩን ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ይህ እርማት ሊያስከፍላቸው የሚችለውን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እሱስ ገብቶኛል» አሉ። «ግን እኮ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ነው የያዝሁት፣ ቢያዝን። ከታዘዝሁበት በቀር አንዴም አልለቀቅሁትም።»

ተናደድኩባቸው። ደብተሩን ቆልፌበት ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ግን ወሬውን ሲሰሙ አንድ እስር ጧፍ ወስደው ራሳቸው የባላቸው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ ይባላል።

ደርግ ሄደ። ጓድ አለበል ዱርቤቴ ገብተው ንብ ያነባሉ። አቶ አንዳርጋቸውም አርጅተዋል፤ ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሽቦ መጠምጠሙን ትተዋል። በሐይቁ ዳር ባገኙኝ ቁጥር ግን ሰላምታው ሳያልቅ «ያች ነገር ታረመች?» ይሉኛል። አንድ ቀን ሳይጠይቁኝ ያለፉ እንደሆነ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ እወዳቸዋለሁ።

ደብተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እዚሁ ላርመው። በዚያ ስብሰባ ሁሉም አጨበጨበ ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው። አቶ አንዳርጋቸው አላጨበጨቡም። ሽቦውን ይዘው ነበር፤ ከታዘዙበት በቀር አንዴም አልለቀቁትም።