አለመማርን የተማርኩበት ዜና

ግንቦት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፊደል የማልለይ ሴት መሆኔን መላው ኢትዮጵያ በቴሌቪዥን ተመለከተ። መማርስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው አለመማር ነው! አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት እኔ ልመስክርላችሁ።

ያን ሰሞን የርእሰ መምህርነት ሹመቴ አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ነበር። ከዜናው ሳምንት ቀደም ብሎ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን የሚቀርጹት የቴሌቪዥን ቀራጮች ከተማችን ሆሳዕና ሲደርሱ፣ ማታ ማታ የማስተምራቸው የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼ በሙሉ አንጋጫ ገበያ ሄደዋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ኤርጫፎ ግን ባዶ ክፍል እንዲቀረጽ አልፈቀዱም። የፖስታ ቤቱን ጸሐፊ፣ የክሊኒኩን ድሬሰርና እኔን አግዳሚ ላይ ደረደሩን፤ ጠመኔውን ራሳቸው ያዙ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አስተማሪዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«እትዬ አስቴር፣ አስተማሪ ሞልቷል፤ የጠፋው ሴት ተማሪ ነው!»

ካሜራው ዞረ። ጓድ ኤርጫፎ «ሀ»ን በዱላ ነኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም... ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በአንድ ትንፋሽ ወረድኩት!

«ይቁም!» አለ ቀራጩ። «እማማ፣ ትንሽ ይሳሳቱ እንጂ!»

እማማ! በአርባ ሁለት ዓመቴ! ከድንጋጤ የተነሣ ምላሴ ተሳሰረ። «ሀ» ላይ አፈጠጥኩ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ድምፅ ግን የለም።

«ግሩም!» አለ ቀራጩ። «ይኸው ነው የምፈልገው!»

ሹመቴን የሚፈርሙት የአውራጃው ትምህርት ኃላፊ ዜናውን ያዩት በቀበሌያችን አዳራሽ፣ ከፊተኛው ወንበር ነው። አፌን ከፍቼ ስቀር ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ተጠጋኋቸው።

«ጓድ ኃላፊ፣ ዲግሪ እንዳለኝ ያውቃሉ!»

«ዲግሪዎን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ግን አገር አየው። ቴሌቪዥኑ ይዋሻል ልበል?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? በ1975 ዓ.ም.፣ ያውም ሕዝብ በተሰበሰበበት!

በማግሥቱ ጧት ቢሮ ተጠርቼ ውሳኔው ተነበበልኝ፦ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት እስካቀርብ ድረስ ሹመቱ ይቆይ፤ ትምህርቱም ዛሬውኑ ይጀመር። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት! በቀበሌያችን ያለው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አንድ፣ አስተማሪዋም አንድ... እኔው።

ማታ ራሴን በመዝገቡ ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ አስገባሁ። በቢሮው ጣጣ ስባክን ውዬ ክፍል የደረስኩት ሃያ ደቂቃ አርፍጄ ነው። በእኔ ክፍል ደግሞ ያረፈደ አይገባም። በስሜ ትይዩ «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ።