ጋሽ ድፈነውና ላብ የሚያጠምቃት መኪና

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ገርበብ ባለ ቁጥር አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ «ዝጉት እንጂ፣ ልታስፈጁን ነው?» የሚል ሰው ያልገጠመው ካለ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። የዚህ ወገን አለቃ የአክስቴ ባል ናቸው።

የንፋስ ባላንጣ፣ የቀዳዳ ሁሉ ደመኛ፣ ክቡር ጋሽ ድፈነው! ስሙን ያወጣንላቸው እኛ የዘመድ ልጆች ነን፤ ስንጥቅ ባዩ ቁጥር «ድፈነው፣ ድፈነው» ስለሚሉ።

ጡረታ ሲወጡ አሮጌ ሚኒባስ ገዙ። ወንበሮቹን ነቅለው አልጋና ምድጃ አስገቡበትና አክስቴን ይዘው አገር ማየት ጀመሩ። ሙቀቱ እስካለ ድረስ ሁሉ ሰላም ነበር። ብርዱ ሲገባ መኪናዋን እኛ ግቢ አቆሟት። ቤት ግቡ ብንላቸው የራሳቸው ቤት እያላቸው የሰው ቤት እንደማይገቡ ነገሩን። ከዚያ ዘመቻው ተጀመረ። የበሩን ዙሪያ በስፖንጅ፣ የጣሪያውን አየር ማስወጫ በትራስ፣ የቁልፉን ቀዳዳ ሳይቀር በጥጥ ደፈኑት።

እዚያችው ውስጥ ሻይ ይፈላል፣ ድንች ይቀቀላል፣ እርጥብ ካልሲ ይሰቀላል። ጠዋት መስታወቱ ያለቅሳል፣ ጣሪያው አናታቸው ላይ ያንጠባጥባል። ጋሼ ጣሪያው ቀዳዳ ነው አሉና መሰላል አስይዘውኝ በማስቲሽ ለቀለቁት። ዝናብ ከጣለ እኮ ሰንብቷል ብላቸው፣ «ያኔ የገባው ነው አሁን የሚወጣው» አሉኝ።

አክስቴ ክርክር አትወድም። እሳቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው መስኮቱን ትከፍታለች፤ ሲነቁ ይዘጉታል። እንዲህ ሲጓተቱ ሳል ያዛት። ጋሼ ንፋስ መቷት ነው ብለው ብርድ ልብስ ደረቡላት። እየባሰባት ሄዶ ትንፋሽ ሲያጥራት ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ አስተኟት።

ሐኪሟ አክስቴ የት እንደምትኖር ከሰማች በኋላ ወደ ጋሼ ዞረች። ከአፍና ከድስት የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ እንደሚሆን፣ ውሃው ፍራሹን እንደሚያሻግት፣ አክስቴም የምትተነፍሰው ያንኑ ሻጋታ እንደሆነ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ጋሼ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ስንወጣ «ልጅ ናት፤ ብርድ መች ታውቃለች» አሉኝ። እውነት ለመናገር ያን ቀን ጠላኋቸው።

አክስቴ የምትወጣ ዕለት አብረን ሄደን እንድናመጣት ልጠራቸው ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አልጋው አየር እንዲያገኝ ከስሩ የእንጨት ርብራብ ተሠርቶለታል። ምድጃው ከነድስቱ ደጅ ወጥቷል። ከጣሪያው ትራሱ ተነቅሏል። ጋሼ ካፖርትና ኮፍያ አድርገው፣ በሻርፕ ላይ ሻርፕ ደርበው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ ግድግዳውን በጨርቅ ያደርቃሉ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«ተበላሽቶ ነው» አሉ ሳያዩኝ። «አልዘጋ አለኝ።»

እጀታውን ሳብ አደረግኩት። መስኮቱ ያለ አንዳች ችግር ተዘጋ። መልሼ ከፈትኩት።

«እውነትም ተበላሽቷል» አልኳቸው።

ጨርቃቸውን ጨመቁት።

«ለእሷም እንዲሁ በላት» አሉ። «እኔን አታምነኝም።»