ከል ለብሶ እራት

ጥቁር ቀለምን ታዝባችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ስታዘበው ወራት አልፈውኛል። ባለሀብት መኪናውን ጥቁር ሲያስቀባው ግርማ ሞገስ ይባላል። ሙሽራ ጥቁር ሙሉ ልብስ ሲለብስ እልል ይባልለታል። ዳኛ ጥቁር ካባ ደርቦ ሲገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ባሏ የሞተባት ሴት ስትለብሰው ግን ገበያ ይዘጋል። ይሄን ደግሞ ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ማናጀራችን ነው ጠርቶ የነገረኝ።

መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ ብርጭቆና ሳህን እያስመጣ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ሻጭ ነበርኩ። ከጎጃም የሚመጣው ነጋዴም ከወሎ የሚመጣውም ገና ከደጅ «ዘኑ አለች?» ብሎ ነበር የሚገባው። ባሌ ታደሰ የአይሱዙ ሾፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ መንገድ ላይ ከተጣላው ሰው ጋር እንኳን ሻይ ጠጥቶ የሚለያይ ሰው። ሦስት ቀን ታመመና በአራተኛው ቀበርነው። አርባው እንደወጣ ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ቤት ቁጭ ብዬ ኮቱን ከማይ ከደንበኛ ጋር ስከራከር ብውል ይሻለኛል ብዬ ነው። እውነትም ይሻለኝ ነበር። ባንኮኒው ኋላ ቆሜ «ኧረ ጨምር፣ ይሄ እኮ አይሰበርም» ስል ለጥቂት ደቂቃ ታደሰ ማታ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላኝም። ድንኳናችን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ ንፍሯችንን የበላው ማናጀር ቢሮው አስጠራኝ።

«ዘኑ፣ ሀዘንሽ ሀዘናችን ነው» አለ። «ግን ደንበኛ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጥቁር ሲሆን... ታውቂያለሽ፣ ገዱን ይፈራል። እስክታወልቂው ድረስ መጋዘን ብትሆኚስ?»

ገደቢስ ነሽ አላለኝም። ጨዋ ነው። ከአንዋር መስጊድ ኋላ ባለው መጋዘን ካርቶን ስከፍትና የተሰበረ ብርጭቆ ስለቅም ከረምኩ። ከዚያ በኋላ ቀኑ አልመሽ አለኝ፤ ካርቶን ደግሞ አይከራከርም። ለካ ሀዘንም እንደ ዕቃ መጋዘን ይገባል።

እንዲህ ሆኜ ስምንተኛው ወር ላይ የጥሪ ካርድ መጣ። ድርጅቱ የተመሠረተበትን በዓል በትልቅ ሆቴል፣ በእራት ያከብራል። ከካርዱ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ «አለባበስ፦ ጥቁር ክራባት»።

እንግዲህ ይህቺ ቃል መርካቶ ገብታ ምን እንደምትሆን እናንተው ገምቱ። ጥቁር ክራባት እኛ ዘንድ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላት፤ አስከሬን ትሸኛለች። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ ተካ መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ሁለቴ አነበቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን አረፈ?» አሉኝ። ገንዘብ ያዧ ሰላም በበኩሏ «እኛ ሴቶቹስ? በቀሚስ ላይ ክራባት ልናስር ነው?» ብላ ተጨነቀች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቢሮው በሙሉ ሁለት ቀን ስለ ክራባት ሲነጋገር ዋለ። በመጨረሻ ማናጀሩ ወጥቶ አስረዳ። የፈረንጅ ወግ ነው፣ ወንዱም ሴቱም ጥቁር በጥቁር ነው፣ የድርጅቱ ባለቤትም ይገኛሉ፣ ሰው እንዳያሳፍረን አለ። ወደ እኔ ዞር ብሎም ድምፁን ቀነሰ።

«አንቺ በተለይ እንዳትቀሪ። ባለቤቱ ካዩሽ የባንኮኒውን ነገር አነሳላቸዋለሁ።»

አያችሁልኝ? በጥቁር የተባረርኩትን ሴት በጥቁር ጠሩኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ መጋዘኑ የጥቁር ልብስ ምክር ቤት ሆነ። ሴቶቹ ሁሉ እየወረዱ ይጠይቁኝ ጀመር። የትኛው ጥቁር አይለቅም? ሰው ያጠቁራል ወይስ ያቀላል? ሰላምማ ጭራሽ፣ «እትዬ ዘኑ፣ ያቺን ከላይ ጣል የምታደርጊያትን አውሺኝ፤ ለአንድ ምሽት ብቻ» አለችኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሰው ከል ያድምቅ አያድምቅ ግን የነገረኝ የለም። ልጅቷ ክፋት የላትም። አልሰጠኋትም እንጂ አልተቆጣኋትም።

የእኔ ጣጣ ሌላ ነበር። አዲስ ጥቁር ቀሚስ ልግዛ? ታዲያ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አንዱ ጥቁር የሀዘን፣ አንዱ ጥቁር የደስታ ሆነው ጎን ለጎን ሊሰቀሉ ነው? ዓመቱ ሳይሞላ ለድግስ ብዬ ከሌን ማውለቅ ደግሞ አልሆነልኝም። ከሌን ለብሼ ልሂድ? ከል ለብሶ ዘፈን ቤት መግባት ሊሆን ነው። መቅረትም አልችልም፤ ከቀረሁ ባንኮኒዬም ቀረች። የታደሰ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ጎረቤቴ ናቸውና ሄጄ አማከርኳቸው። የጥቁር ክራባቱን ነገር ግን አልነገርኳቸውም። እኔ ያልገባኝን እሳቸውን እንዴት አስረዳለሁ? የመሥሪያ ቤት እራት ነው፣ የግድ ነው ብቻ አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣

«ሂጂ፤ እንጀራሽ ነው። ብቻ ከሉን እንዳታጌጪበት» አሉኝ።

እሺ ብዬ እንደተባልኩት አደረግሁ። ጉትቻ የለ፣ ሐብል የለ፣ ከንፈር ቀለም የለ፤ ፀጉሬን በጥቁር ሻሽ ጠቅልዬ አሰርኩ። ቀሚሷ ታደሰ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ የገዛልኝ አረንጓዴ ቀሚስ ነበረች። እሱ በሞተ በሳልስቱ፣ ቆዳዬ እስኪላጥ በጥቁር ቀለም ቀቅዬ ከል ያደረግኋት እኔው ነኝ። የነከራት ሰው ልቡ እዚያ አልነበረምና ቀለሙ እኩል አልያዘም። ብርሃን ሲያገኛት ያ አረንጓዴ ከጥቁሩ ሥር ብልጭ ይላል።

አዳራሹ ስገባ ደነገጥኩ። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል። ለአፍታ ልቅሶ ቤት የገባሁ መስሎኝ እጄ ወደ ደረቴ ሄዶ ነበር። ሙዚቃው ነው የመለሰኝ። ከጋሼ ተካ ጎን ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም ለቀብር የሚያስሯትን ክራባት አስረው አንገታቸውን አሥሬ ያላላሉ።

ምግቡ ሳያልቅ መድረክ መሪው ተነሳና «የምሽቱ ምርጥ አለባበስ!» አለ። ጣቱ ሲዞር ሲዞር መጥቶ እኔ ላይ ቆመ። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ግድግዳ ነው። ጎትተው አወጡኝ። መብራቱ ሲያርፍብኝ ቀሚሷ ያን አረንጓዴዋን አወጣች፤ ሰዉ «ዋው!» አለ። «ቀለሙን እዩት! ጌጥ የለ፣ ምን የለ! ሲምፕል!» እያለ መድረክ መሪው ዞረኝ። ሽልማቱ የብርጭቆ ካርቶን ነበር። ያሸግሁት እኔው ነኝ፣ ማክሰኞ ዕለት።

«እስቲ ምስጢሩን ንገሪን» ብሎ ማይኩን አፌ ላይ ደቀነው። «እንዲህ ያለ ቀሚስ እንዴት ይገኛል?»

መዋሸት አላወቅሁበትም።

«ባሌ ሞቶብኝ ነው» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መሰላቸው! የድርጅቱ ባለቤት ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ማናጀራችን፣ ያ ንፍሯችንን የበላው፣ መጀመሪያ ቀና ብሎ ወደ ባለቤቱ አየ። ሲስቁ አየ። ሳቀ። ያልሳቁት ጋሼ ተካ ብቻ ናቸው፤ ሹካቸውን አስቀምጠው አቀረቀሩ።

«ይቺን የመሰለች ጨዋታ አዋቂ የት ደብቃችሁ ነው?» አሉ ባለቤቱ።

«ከሰኞ ጀምሮ ባንኮኒ ላይ ናት፣ ጌታዬ!» አለ ማናጀሩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደብቄ አላመልጥም። «ቀልዴን አይደለም» ማለት እችል ነበር። ማይኩ እንደሆነ አፌ ላይ ነው። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ባንኮኒዬ በዓይኔ መጣችብኝና እኔም ሳቅሁ። እጅ ነስቼ፣ ጥርሴን አሳይቼ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት በታደሰ ሞት ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ፤ መልስ አልሰጠኝም።

በማግስቱ እሑድ እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ጎራ አሉ።

«እንዴት ነበር እራቱ?»

«ደህና ነበር።»

«በከልሽ አልተጠቋቆሙብሽም? ለብቻሽ አልሆንሽም?»

«ኧረ የለም፣ እትዬ። ሁሉም ጥቁር ነበር የለበሱት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ባለቤቱ ሳይቀሩ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ወሰዱ።

«ለታዴ ብለው?» አሉ። «እኔኮ የመርካቶ ነጋዴ ሰው አያውቅም እያልኩ ስማቸውን ሳነሳ ነው የኖርኩት። ሀዘንተኛ ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ ቤቱ በሙሉ ከል ለበሰ? እግዜር ብድራቸውን ይክፈላቸው። እንዲህ ላዘነላት ሰው እግዜር ደስታውን ያብዛለት!»

የተሸለምኩትን የብርጭቆ ካርቶን በእግሬ ወደ ጥግ ገፋ አደረግሁት።

«አሜን በይ እንጂ!» አሉኝ።

አሜን አልኩ።